«ያኛው አልቆ ነበር እኮ»፦ ባህር ዳር ላይ የሞኒተር ኮንቨርተር ለምትገዙ

ደሜ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ።

ባህር ዳር ላይ ላፕቶፕን ከሞኒተር ጋር የሚያገናኝ ታይፕ ሲ ኮንቨርተር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይ በዊንዶስ ፈንታ ሊኑክስ የምትጠቀሙ፣ ይቺን አንብቡ። 3,200 ብሬ ሄዷል። የእናንተ እንዳይሄድ።

ሱቁን አልጠራም። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ጊዮርጊስ አካባቢ ከተደረደሩት አንዱ ነው። የመስታወት ሳጥን፣ ውስጡ የስልክ ከቨር፣ ኢርፎንና ፍላሽ። ባለቤቱ ጥግ ላይ ስልክ ያወራል፣ አንድ ልጅ ቆሞ ይሸጣል። ምን ብትጠይቁ መልሱ «አለ» ነው። ከዚያ «አንዴ ጠብቂኝ» ብሎ ወጥቶ ከጎረቤት ሱቅ ይዞ ይመጣል። «ኦርጅናል ነው» ይላል። ትከራከራላችሁ፣ «ለአንቺ ስል» ይላል፣ ትከፍላላችሁ። የምታውቁትን አልደግምላችሁም።

እኔ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሁፍ አርሜ፣ ገጹን አስተካክዬ ነው የምኖረው። ወቅቱ ሲደርስ ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ከፔዳም ከፖሊም ይጎርፋል። በ14 ኢንች ስክሪን ላይ የተማሪውን ጽሁፍና የአማካሪውን አስተያየት ጎን ለጎን ከፍታችሁ ሞክሩት፣ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ስላሽ፣ ማለትም ያገለገለ፣ ሞኒተር ገዛሁ። በእሱ ቅሬታ የለኝም፣ ንጹህ ዕቃ ነው። ላፕቶፔም ስላሽ ነው፣ ቲንክፓድ፣ ኡቡንቱ 24.04 የሚባለው ሊኑክስ የተጫነበት። የኤችዲኤምአይ መሰኪያው ድሮ ሞቷል። ታይፕ ሲው ግን ምስል ያወጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ስለሆነ። ታይፕ ሲ ሁሉ ምስል አያወጣም። ቻርጅና ዳታ ብቻ የሆነ ሞልቷል። ምስል የሚያወጣው ዲስፕሌይፖርት አልት ሞድ የሚባለው ያለው ነው። ብዙ ጊዜ ከመሰኪያው አጠገብ የዲስፕሌይፖርት ትንሽ ምልክት ወይም የተንደርቦልት መብረቅ ይሳልበታል። ለእንዲህ ያለው ላፕቶፕ የሚያስፈልገው ተራ ማገናኛ ነው። ምስሉን የሚሰራው የላፕቶፑ የራሱ ግራፊክስ ካርድ ስለሆነ፣ ማገናኛው ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ አይጠይቅም። ሊኑክስ ይሁን ዊንዶስ ግድ የለውም።

ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ። ከውጭ ሲታይ አንድ ነው። ጫፉም ታይፕ ሲ ነው፣ በሌላው በኩልም ኤችዲኤምአይ አለው። ውስጡ ግን የራሱ የምስል ቺፕ ተቀምጧል። ላፕቶፑ ምስሉን በዩኤስቢ እንደማንኛውም ዳታ ይልክለታል፣ ቺፑ ወደ ኤችዲኤምአይ ይቀይረዋል። ይሄኛው ያለ ድራይቨር አይነቃም። ቺፑ ዲስፕሌይሊንክ የሚባለው ከሆነ ተመስገን ነው፣ ለኡቡንቱ ድራይቨር ተሰርቶለታል። ኢቪዲአይ የሚባል ሞጁል ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) ላይ ይጭናል። ያልታወቀ ፕሮግራም ከላፕቶፑ ጋር እንዳይነሳ የሚከለክለው ሴኪዩር ቡት ከበራ ደግሞ ቁልፍ አስመዝግቡ ይላል። ያንገላታል እንጂ ይሰራል። ርካሾቹ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቺፕ ነው የሚገኘው፣ የብዙዎቹም ድራይቨር ለዊንዶስ ታስቦ የተሰራ ነው።

ይህን አውቄ ነው የሄድኩት። ልጁን እንዲህ አልኩት፦ «ድራይቨር የማይፈልገውን ስጠኝ። ከታይፕ ሲ በቀጥታ ዲስፕሌይ የሚያወጣውን። ላፕቶፔ ሊኑክስ ነው።»

«እሱ ነው እህቴ። ከሁሉም ጋር ይሰራል።»

ነጭ ካርቶን አወጣ። ምንም አልተጻፈበትም። «እዚሁ ልሞክረው» አልኩ፣ ላፕቶፔ ትከሻዬ ላይ ነበር። መብራት ጠፍቷል፣ ሞኒተር አይበራም። ካርቶኑን ልክፈተው ስል እንኳ ማሸጊያው እንዳይላጥ ብሎ ከለከለኝ። «ቤትሽ ሞክሪው፣ ካልሰራ መልሺው። የት እንሄዳለን?» አለ። በቴሌብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ስል፣ መብራት ስለሌለ ማሽኑ አይሰራም ተባልኩና «ኮንቨርተር 1» የሚል ብጣሽ ወረቀት ተሰጠኝ።

ማታ መብራት መጣ። ሰካሁት። ሞኒተሩ ሲግናል የለም ብሎ ተኛ።

ገመድ ቀየርኩ። የሞኒተሩን ኢንፑት በእጄ ኤችዲኤምአይ ላይ አደረግሁት። ላፕቶፑን አጥፍቼ አስነሳሁት። ኡቡንቱ አሁን ዌይላንድ በሚባል የስክሪን ሥርዓት ነው የሚነሳው፣ እዚያ ላይ የተሰኩ ስክሪኖችን የሚዘረዝረው ኤክስራንድአር የሚለው ሁሉ አይታመንም። ስለዚህ ከርነሉ የሚያየውን በቀጥታ አየሁ፣ ሲስ ስር ክላስ ውስጥ፣ ዲአርኤም የሚለው ፎልደር። እዚያ እያንዳንዱ የምስል መውጫ ስታተስ የሚል ፋይል አለው። ከላፕቶፑ ከራሱ ስክሪን በስተቀር ሁሉም «ዲስኮኔክትድ» ይላል። ግራፊክስ ካርዱ የተሰካ ነገር መኖሩን እንኳ አልሰማም ማለት ነው።

ከዚያ ፋይሎች የሚታዩበት መስኮት ላይ አንድ ነገር ብቅ አለ። ሲዲ። የሲዲ ማጫወቻ የሌለው ላፕቶፕ ላይ ሲዲ! ከፈትኩት። ውስጡ ሴትአፕ ዶት ኢኤክስኢ ተቀምጧል።

ያኔ ገባኝ። ኮንቨርተሩ የዊንዶስ ድራይቨሩን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የመጣው። ምናልባት ዲስፕሌይሊንክ ይሆናል ብዬ የተሰኩ የዩኤስቢ ዕቃዎችን መለያ የሚዘረዝረውን ትእዛዝ፣ ኤልኤስዩኤስቢን ጻፍኩ። ቢሆን ኖሮ መለያው በ17ኢ9 ይጀምር ነበር። አይጀምርም።

ጥፋቱ የላፕቶፔ እንዳይሆን ደግሞ ፖሊ ከምታስተምር ጓደኛዬ የራሷን ማገናኛ ተዋስኩ። ያው መሰኪያ፣ ያው ገመድ፣ ያው ሞኒተር። እንደሰካሁት 1920 በ1080፣ በ60 ኸርዝ። ምንም ሳልጭን፣ ምንም ሳልነካ።

ሁለቱንም ማገናኛና ላፕቶፑን ይዤ ተመለስኩ። ከአባይ ማዶ በባጃጅ፣ በዚያ ሙቀት።

ልጁ አወቀኝ። አወቀኝና ዓይኑን ወደ ስልኩ መለሰ። ነገርኩት።

«ተከፍቷል?» አለ።

«ሳልከፍተው እንዴት አድርጌ ልሞክረው?»

ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ስገዛ ያ ወረቀት ያለ አይመስልም ነበር፣ ያኔ የነበረው «የት እንሄዳለን» ነው።

ባለቤቱ ስልኩን ዘጋ። «ምን ሆና ነው?» አለ። እኔን አይደለም የጠየቀው። ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ፣ ልጁን ነው የጠየቀው።

«ሊኑክስ ነው ምናምን ትላለች።»

«ሊኑክስ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የሀከሮች ነገር ነው።»

ሳቁ። ከቨር የሚመርጠው ደንበኛ ሳይቀር ሳቀ። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። «ጋሼ፣ ይዩት፣ ይሄኛው ሲሰካ ይሰራል፣ የእናንተው ሲሰካ አይሰራም» አልኩ። ላፕቶፑን በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገው፣ ዕቃ እንዳይጋርድበት። ስክሪኑን አንዴም አላየውም።

ኮንቨርተሩን ከእጄ ወሰደና የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ዊንዶስ ነው። ድራይቨሩ ድሮ ተጭኖበታል፣ ምልክቱ ከታች ጥጉ ላይ ቁጭ ብሏል። ግድግዳው ላይ ያለው ሞኒተር በራ። የማውሱ ቀስት እየተጎተተ ነው የሚሄደው፣ ግን በርቷል።

«አየሽ? ዕቃው ጤነኛ ነው። የታመመው ያንቺው ነው።»

«ድራይቨር የማይፈልገውን ነው የጠየቅሁት። እሱ ነው ተብዬ ነው የገዛሁት» አልኩ።

ይሄኔ ባለቤቱ ወደ ልጁ ዞረ። «የቱን ነው የሰጠሃት?»

ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ። «ያኛው አልቆ ነበር እኮ። ያው ነው ብዬ ይሄን ሰጠኋት።»

ኧረ በጊዮርጊስ! እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልጁ አያውቅም ብዬ ነበር የማስበው። ልዩነቱን የማያውቅ ብዙ ሻጭ አለ፣ አልፈርድበትም። ለካ አሳምሮ ያውቃል። ሁለት ዓይነት እንዳለ ያውቃል። የጠየቅሁት የትኛውን እንደሆነ ያውቃል። ማለቁንም ያውቃል። ሚጥሚጣ ስትጠይቁት በርበሬ አቅርቦ «ያው ቀይ ነው» እንደሚል ሰው፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ እህቴ እያለ፣ ከሁሉም ጋር ይሰራል ብሎ ሸጠልኝ። «አልቋል» ማለት ምን ያስከፍለዋል? ሌላ ሱቅ እሄድ ነበር። እሱንም ነው የፈራው።

ባለቤቱን አየሁት። ልጁን ይቆጣዋል፣ ቢያንስ ያፍራል ብዬ። ሰውየው ያበጠ አምባዛ የሚያህል የቁልፍ ዘለላውን እያሽከረከረ...

አይ፣ ስድብ ውስጥ ልገባ ነው። የመለሰውን ብቻ ልንገራችሁ።

«ያው ነው። ይሰራል አይደል?» አለ። ቀጠለና፦ «ከፈለግሽ ዊንዶስ እንጫንልሽ። 500 ብር ነው። ላንቺ በ400።»

በ3,200 ብር ሸውደውኝ፣ ለመሸወዴ 400 ብር ልጨምርላቸው ነው! ያውም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ክራክ የተደረገ ዊንዶስ፣ የሰው መመረቂያ ጽሁፍ የሞላበት ላፕቶፕ ላይ።

በ2006 ዓ.ም. የወጣውን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813ን ጠቀስኩ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ የማለት መብት አለው። ቀኑም ገና አላለፈም። ባለቤቱ ምን አለኝ መሰላችሁ? «እንግዲያው አዋጁ ይመልስልሽ።» ልጁ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። «እህቴ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ተባልኩና ላፕቶፔን አጥፌ ወጣሁ።

የብር ነገር ያበሳጫል፣ ያልፋል። የማያልፈው ሳቁ ነው። ነገሩን ከእነሱ የተሻለ እያወቅሁ፣ ማስረጃውን ባንኮኒያቸው ላይ ዘርግቼ፣ እንደማታውቅ ሰው ተነዳሁ። ሊኑክስ የሚለው ቃል አንዴ ከተነሳ በኋላ ሌላ ክርክር የለም። ዕቃው ምንም ይሁን ምን፣ ጥፋቱ የሊኑክስ ነው። ለሻጩ እንዴት ያለ ምቹ ነገር ነው! ቻርጀር ተቃጥሎብኝ ብሄድም «ሊኑክስ ስለሆነ ነው» የሚሉኝ ይመስለኛል።

የቴሌብር መልእክቱን ይዤ ንግድ መምሪያ ላመለክት ነው። «ኮንቨርተር 1» የሚለው ወረቀት ላይ ግን ዓይነት የለም፣ ሞዴል የለም። እነሱም እንዲህ የሚጽፉት ለዚሁ ነው።

ለእናንተ፦ መብራት ከሌለ አትግዙ። በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ምስል ሳታዩ አትክፈሉ። ስትሰኩት ሲዲ ከመጣባችሁ እዚያው ንቀሉና መልሱ። ወረቀቱ ላይ «ያለ ድራይቨር የሚሰራ» ብለው ይጻፉላችሁ፣ እምቢ ካሉ ውጡ።

የጓደኛዬን ማገናኛ መመለስ አለብኝ። እሷም ሥራ አላት። ደህናውን ዓይነት ባህር ዳር ውስጥ የሆነ ሱቅ ላይ ያያችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ላፕቶፔን ይዤ ነው የምመጣው፣ ጄነሬተር ያለው ሱቅ ቢሆን ይመረጣል።