ኦቾ ሪዮስ ለምትወርዱ፦ ወደቡ በር ላይ ትኬት እንዳትገዙ

በክሩዝ ጃማይካ ለመሄድ ያሰባችሁ ወገኖች፣ ንዴቴ ሳይበርድ ልንገራችሁ። ገና መርከቡ ላይ ነኝ።

ኦቾ ሪዮስ ወደብ በር ላይ የሚጠብቋችሁን ልጆች መቼም ታውቋቸዋላችሁ። አንገት ላይ መታወቂያ፣ እጅ ላይ የታጠፈ ካርታ፣ አፍ ላይ "ኖ ፕሮብሌም"። የእኛው ደግሞ ኢትዮጵያውያን መሆናችንን ሲሰማ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ጃህ ራስተፈሪ!" አለ። ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1966 ኪንግስተን ሲያርፉ አያቱ አየር ማረፊያው ነበሩ አለን። የጥቁሮች መብት ታጋዩ ማርከስ ጋርቬይም ቦብ ማርሊም የዚሁ አውራጃ፣ የሴንት አን ልጆች ናቸው አለ፤ ይሄስ እውነት ነው። ከዚያ ወደ ገበያው ገባ። ተራራው ላይ ያለው የጀብዱ ፓርክ፣ ሁሉም ተጠቃሎ፦ በጫካው አናት የሚያወጣው የገመድ ወንበር፣ በሐዲድ ቁልቁል የሚምዘገዘገው ቦብስሌድ፣ ዚፕላይን (በገመድ ተንጠልጥሎ መንሸራተት)፣ ደርሶ መልስ መኪና። ለወገን ቅናሽ አለው። ካሽ ከሆነ።

አወጣጡ ቆንጆ ነበር፣ አልዋሽም። እግራችሁ ከዛፍ በላይ ይንጠለጠላል፣ ዞር ስትሉ ባሕሩ። ባለቤቴ በረዶ የሌለበት አገር ልጆች እ.ኤ.አ. በ1988 በካልጋሪ የክረምት ኦሎምፒክ በቦብስሌድ፣ በበረዶ ላይ ሸርተቴ፣ እንደተወዳደሩ ለልጆቹ ሲተርክ ወጣን። ልጆቹ በቃ፣ ሌላ ወሬ የላቸውም።

አናቱ ላይ ፀሐይ እየጠበሰን ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ ልጅቷ የበግ ጥርስ እንደሚያይ ነጋዴ የትንሹን ልጄን እጅ ሳብ አድርጋ ቢጫውን የእጅ ማሰሪያ አየችና ለቀቀችው።

"ወንበር ብቻ።"

"ምን ማለት ነው?"

"ቢጫ ወንበር ብቻ ነው። ለቦብስሌድ ሰማያዊ ነው።"

ደረሰኙን አወጣሁ። "ሁሉም ተካቷል" ብሎ በእስክሪብቶ ጽፎበታል። "የእኛ ወረቀት አይደለም" አለች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ። እሺ፣ ማሰሪያውን ያሰራችሁልን እናንተ አይደላችሁም? ታዲያ ታች ለምን አልነገራችሁንም? "አልጠየቃችሁም።" ማናጀር ጥሪልኝ አልኳት። ምሳ ላይ ነው። ከዚያ አጠገቧ ላለው ልጅ በፓትዋ፣ በአገሩ ሰው ቋንቋ፣ አንድ ነገር አለችውና ሁለቱም ሳቁ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ሳቅ ነው። ብሩ ይሁን።

ከፊታችን ቦብስሌዱ እየጮኸ ይወርዳል፣ ከኋላችን ሰልፉ ያጉረመርማል፣ ልጄ እንባው መጥቷል። እዚያ ጋ ሆኖ የማይከፍል ወላጅ ካለ ይንገረኝ። እነሱም ይህንን ያውቃሉ። "ካርድ እንቀበላለን" ስትል ያኔ ብቻ ፈገግ አለች። ለልጆቹ ከፈልን፤ ባለቤቴ አልሄድም ብሎ ተቀመጠ። ሲጋልቡ ስልክ አይፈቀድም፣ ፎቶውን እነሱ አንስተው ይሸጡላችኋል። እሱንም ገዛን።

ስንወጣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አየሁ። ሙሉው ፓኬጅ እኛ በድምሩ ከከፈልነው ያንሳል! ሹፌሩን ሻጩ የት አለ ብዬ ብጠይቀው "አላውቀውም" አለ። ጠዋት ተቃቅፈው ሰላም ሲባባሉ አይቻቸዋለሁ።

የምትሄዱ ከሆነ ትኬቱን ፓርኩ በር ላይ ራሳችሁ ግዙ፣ የማሰሪያው ቀለም ምን ምን እንደሚያስገባ እዚያው ጠይቁ። ፈቃድ ያለው ታክሲ ታርጋው ቀይ ነው፤ የእኛው ነጭ ነበር። በካርድ ክፈሉ። አናት ላይ ለከፈልኩት ለባንኬ አቤት እላለሁ። ለጃህ ራስተፈሪው የሰጠሁት ካሽ ግን ሄዷል።