ስድስት ወር ከባይኖኩላሬ ጋር፦ ጉሙ ከውስጥ ነው

ይህን ባይኖኩላር ጎንደር ከገዛሁት ስድስት ወር ሆነኝ። በመግዛቴ ቆጭቶኛል። ያስቆጨኝም አንድ ጠዋት ነው።

መጋቢት ላይ ስሜን ተራሮች ፓርክ ወጥተን ሳንቃ በር አደርን። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል። ሲነጋ ስካውታችን፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ከገደሉ ማዶ አንድ ጎጆ አሳዩን። ከመንቁሩ ሥር ጢም ያለው፣ አጥንት ከሰማይ ለቆ ድንጋይ ላይ የሚሰብረው አሞራ ጎጆ ነው። ይህ አሞራ ብዙ ጊዜ ሁለት እንቁላል ይጥላል፤ የሚያድገው ግን አንድ ጫጩት ብቻ ነው። ሰው ከተጠጋ ወላጆቹ ጎጆውን ጥለው ሊሄዱ ይችላሉ። ስለዚህ ከሩቅ ነው የሚታየው። እኔም ባይኖኩላር የገዛሁት ለዚሁ ነበር።

ከወላጆቹ አንዱ ምግብ ይዞ መጣ። ባይኖኩላሩን አነሣሁ። ነጭ! ጠረግሁት። አሁንም ነጭ። ጉሙ ከመስታወቱ ውስጥ ነው። «አየኸው ልጄ? አጎረሰው እኮ!» ይላሉ ስካውቱ። ፀሐይ እስኪያሞቀው ሩብ ሰዓት ፈጀ። አሞራው ሄዷል።

ሻጩ «ውኃ አያስገባም» ብሎ ነው የሸጠልኝ። እውነት ነው፣ ዝናብ አላስገባም። ጥሩ ባይኖኩላር ግን አየሩ ወጥቶ በደረቅ ናይትሮጅን ይሞላል፤ መጋጠሚያው በላስቲክ ይታሸጋል። የእኔው ውስጥ ያለው እርጥበት ያለው ተራ አየር ነው። ብርድ ሲነካው ጤዛ ይሆናል። ሄጄ ስነግረው «በጨርቁ ጥረገው» አለኝ። ወንድሜ፣ በየት በኩል ገብቼ ልጥረገው? «ሲሞቅ ይለቃል» አለ ደግሞ። እኔ የምፈልገውን ወፍ የማገኘው በብርድ፣ በጠዋት ነው!

ሌላው ደህና ነው። 8 በ42 መሆኑን አልጠላሁትም። 8 እጥፍ ያቀርባል፤ 42ቱ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ እጅ ላይም አይንቀጠቀጥም። 10 እጥፉን ከመረጥኩ ኖሮ ገደል ለገደል ስንቃኝ እጄ ይዝል ነበር። ከተማ ውስጥ፣ ጥምቀተ ባሕሩ ዛፎች ሥር፣ አንድም ቀን ጉም አልያዘውም።

ልትገዙ ያሰባችሁ ግን «ናይትሮጅን አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ከፈቀደ ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ አቆዩትና ከውስጥ ይደበዝዝ እንደሆነ እዩት። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ወደ ሳንቃ በር ተመለስኩ። መስታወቱ ጥርት ብሎ ነበር። ጎጆው ግን ባዶ ነው፤ ጫጩቱ በርሯል።