የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጅማ ጽሕፈት ቤት፦ ዘመድ በሽብር ተጠርጥሮ ሲታሰር ምን ያህል ይጠቅማል?

ጅማ ላይ ሰው «በሽብር ተጠርጥሯል» ተብሎ ሲወሰድ ቤተሰብ መጀመሪያ ስንቅ ይዞ ከጣቢያ ጣቢያ ይዞራል። በደርግ ጊዜ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» ማለት ሞቷል ማለት ነበር፤ ያንን ያየ ሰው ዛሬም ምግቡ ሳይነካ ሲመለስ ይርዳል። ፍርሃቱ መሠረት አለው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር በፈንታሌ ወረዳ 14 የከረዩ ኦሮሞ ማኅበረሰብ አባላት በጸጥታ ኃይሎች ከተያዙ በኋላ መገደላቸውን መርምሮ ያወጣው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ነው። የጅማው ጽሕፈት ቤት ቀድሞ መንኳኳት ያለበትም ለዚህ ነው።

አገልግሎቱ ክፍያ የለውም። አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይቀርባል። የታሳሪው ሚስት፣ ወንድም ወይም ሌላ ሰው ማቅረብ ይችላል። ትልቁ ጉልበቱ በአዋጅ 1224/2012 የተረጋገጠለት ሥልጣን ነው፤ ማቆያ ቤትን ሳያስታውቅ መጎብኘት ይችላል። ቀኑ የታወቀ ጉብኝት የተጎዳውን ሰው ወደ ሌላ ክፍል ለማዛወር ጊዜ ይሰጣል፤ ድንገተኛው ግን አይሰጥም።

ባዶ እጅ ሄዶ «ልጃችን ጠፋ» ማለት ብቻውን ሥራውን ያጓትታል። የተያዘበት ሰዓትና ቦታ፣ የያዙት ሰዎች የደንብ ልብስ፣ የመኪናው ታርጋ፣ «እኛ ዘንድ የለም» ያለው ጣቢያ፣ ስንቅ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀበሉበት ቀን፣ የሚወስደው መድኃኒት በወረቀት ይስፈር። ሰዓቷ በተለይ ወሳኝ ናት፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ፍርድ ቤት የሚቀርብበት 48 ሰዓት የሚቆጠረው ከዚያ ነው፤ የጉዞው ጊዜ ብቻ አይታሰብም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ኮሚሽኑ በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ አይመረምርም። ስለዚህ አቤቱታው «ወንጀል አልሠራም» የሚል ሳይሆን ስለ አያያዙ መሆን አለበት፤ ድብደባ፣ ሕክምና መከልከል፣ ከቤተሰብና ከጠበቃ እንዳይገናኝ መደረግ። የት እንዳለ ካልታወቀ ደግሞ ጎን ለጎን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 177 አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ (የተያዘው ሰው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሚጠይቅ) ከቃለ መሐላ ጋር ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቅረብ። ታሳሪው ችሎት ሲቀርብ ቁስሉን ለዳኛው ያሳይ፣ መዝገብ ላይ እንዲሰፍርም ይጠይቅ።

ሊጠይቁት የሄዱ ዘመዶች ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቁሮ ወይም ቀንሶ እንደሆነ ይጠይቁት። በድብደባ የተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ኩላሊትን ሊያቆም ይችላል፤ በመጀመሪያው ቀን ደህና የመሰለ ሰው ከቀናት በኋላ የሚሞትበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይህ ምልክት ከታየ ሆስፒታል እንዲወሰድ በዚያው ሰዓት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሞቱ ከተነገረ ደግሞ ማስረጃ የሚጠፋው በቀብር ጥድፊያ ነው። በቶሎ መቅበር ለሟች ክብር መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ከመታጠቡ በፊት የአስከሬን ምርመራ በጽሑፍ መጠየቅ፣ ልብሱንም ሳያጥቡ በወረቀት ከረጢት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ፎቶ ከሩቅም ከቅርብም፣ ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ ይነሣ። ከሞት በኋላ ደም ወደተኛበት ጎን ወርዶ የሚፈጥረው ወይን ጠጅ ቀለም ድብደባ ይመስላል፤ ሁለቱን የሚለየው ሐኪም ነውና ቤተሰብ በዚያ ላይ ብቻ ተመሥርቶ እንዳይከስስ።

የጽሕፈት ቤቱ ድክመት ከሕጉ የመጣ ነው። ምክረ ሐሳብ ይሰጣል እንጂ ማንንም በወንጀል አይከስስም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ታሳሪን ያሠቃየ ሠራተኛ ከባድ በሆነ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ክሱ ግን የዐቃቤ ሕግ ነው፣ ምርመራውም ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ፖሊስ እጅ ይገባል። በጠባቂዎቹ ባልደረቦች ተመርምሮ «ታሞ ነው የሞተው» የሚል ወረቀት እውነት ቢሆን እንኳ እናቱ አታምነውም፤ ልታምነው አትገደድምም። ስለዚህ አቤቱታው ከኮሚሽኑ ሲወጣ ግልባጩ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ገብቶ የገቢ ቁጥር ይያዝለት።