ሲፓፕ ወይስ የጥርስ ሐኪም ፕሌት? መብራት በሚሄድበት ሰፈር ለሚያንኮራፋ ሰው

ሹፌር ነኝ፣ ኤፍኤስአር ነው የምነዳው፣ ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም። ሐኪምም ሻጭም አይደለሁም፣ ግን ሲፓፕ የሚባለውን አየር የሚገፋ ማሽንም፣ ጥርስ ላይ የሚገባውን ፕሌትም በየተራ አድርጌ ከርሜያለሁና ሊገዛ ያሰበ ሰው ካለ ብሩን ከማውጣቱ በፊት ይቺን ያንብባት ብዬ ነው።

የኔ ነገር የተጋለጠው እዚሁ ሰፈሬ ነው፣ የአዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ ላይ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ማታ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቼ ያደርኩ ሰውዬ፣ ካርድ ለመቀበል ወረፋ ይዤ ፍሬን እንደረገጥኩ ጭልጥ አልኩ። ከኋላዬ የነበረው ሲኖ ክላክሱን ሲለቀው ነው የባነንኩት። ባለቤቴ ለወራት "አንተ ሰውዬ፣ ሌሊት ትንፋሽህ ይቆማል እኮ፣ በክርኔ ካልመታሁህ አትመለስም" ስትለኝ እየሳቅኩባት ነበር፣ የዛን ቀን ግን ሳቁ ቀረ።

ስሊፕ አፕኒያ ማለት ይሄ ነው። ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፣ ምላስ ወደኋላ ይወድቃል፣ የአየር መንገዱ ይዘጋል፣ ትንፋሽ 10 ሰከንድና ከዛ በላይ ይቆማል፣ ኦክስጅን ሲወርድ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅስሃል፣ አንተ ግን ጠዋት ምንም አታስታውስም። ለዛ ነው ሌሊቱን ሙሉ ተኝተህ እንዳልተኛ ሰው የምትነሳው። በዛ ላይ ደም ግፊት ያመጣል፣ ያለውንም ያባብሳል።

በነገራችን ላይ ዕቃ ከመምረጥ በፊት አንድ ቁጥር መያዝ አለባችሁ፣ ኤኤችአይ ይሉታል፣ በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደሚቆም ወይ እንደሚያንስ የሚቆጥር ነው። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ነው። ቤት ወስደህ የምትተኛበት መመርመሪያ አለ፣ ጣት ላይ ኦክስጅን መለኪያ፣ ደረት ላይ ቀበቶ፣ አፍንጫ ስር ቀጭን ቱቦ፣ አለቀ። የኔ 22 ወጣ። ይሄ ቁጥር ሳይኖር "ሲፓፕ ይሻላል ወይስ ፕሌት" ብሎ መከራከር የጫማ ቁጥር ሳያውቁ ጫማ እንደመግዛት ነው።

አሁን ወደ ንጽጽሩ።

ሲፓፕ አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ ማሽን ነው፣ በቱቦና በማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ከፍቶ ይይዘዋል። በ1981 (በፈረንጆቹ) ኮሊን ሰሊቫን የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ነው ለዓለም ያስተዋወቀው። በጉልበት ደረጃ ከሄድን የሚስተካከለው የለም፣ ቁጥሩን ከሁሉም በላይ የሚያወርደው እሱ ነው፣ እኔ እንኳን በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ስነሳ ጭንቅላቴ ላይ የነበረው ከባድ ነገር ተነሳልኝ። የናንተ ቁጥር ከ30 በላይ ከሆነ ብዙ አትዙሩ፣ መጀመሪያ መሞከር ያለባችሁ ሲፓፕ ነው።

ግን ማሽኑ የሚሠራው ሶኬት ሲኖር ነው! እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት ቀን ሄዶ ማታ ሊመጣ ይችላል፣ ማታ ሄዶ ጠዋትም ሊመጣ ይችላል። መብራት ጥርግ ሲል ማሽኑ ይቆማል፣ ማስኩ ፊትህ ላይ ታፍኖ ይቀራል (ማስኩ የመተንፈሻ ቀዳዳ ስላለው አትታፈንም፣ ስሜቱ ግን እሱ ነው)፣ ትነቃለህ፣ ታወልቃለህ፣ ቀሪውን ሌሊት እንደድሮህ ታንኮራፋለህ። ባትሪ ይገጠምለታል፣ ግን የመኪና ባትሪ ዝም ብላችሁ እንዳትቀጥሉበት፣ ድሪምስቴሽን የሚባለው ማሽን 12 ቮልት ሲሆን ኤርሴንስ 10 የሚባለው ደግሞ 24 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ ለየራሱ መቀየሪያ አለው። በባትሪ የምታድሩ ከሆነ አየሩን ለማርጠብ ውሃ የሚያሞቀውን ክፍል (ሂዩሚዲፋየሩን) አጥፉት፣ ዋናው መብራት በላተኛ እሱ ነው።

ስለ ውሃው ካነሳሁ አይቀር፣ ሂዩሚዲፋየሩ የሚፈልገው ዲስትልድ ውሃ ነው፣ የቧንቧ ውሃ ነጭ ቅርፊት ይሠራበታል። ጋራዥ አካባቢ "የባትሪ ውሃ" ተብሎ የሚሸጠውን ሳታጣሩ እንዳትጨምሩ፣ አንዳንዱ ጀሪካን ውስጥ ያለው አሲድ ነው። አቧራው ደግሞ ሌላ ነው፣ እዚህ ኮብልስቶን ያልደረሰበት መንገድ ብዙ ስለሆነ ፊልተሩን ከማኑዋሉ ቀድሜ ነበር የምቀይረው፣ አውጥቼ ሳየው የዳማ ከሴ ቅጠል የተጨመቀበት ነጠላ ይመስላል።

ብዙ ሰው ሲፓፕ የሚያገኘው ዘመድ ከአሜሪካ ሲልክለት ነው፣ እኔም እህቴ ናት የላከችልኝ፣ ስለዚ ያገለገለ ለሚገዛ አራት ነገር ልበል። አንደኛ ፊሊፕስ በጁን 2021 (በፈረንጆቹ) የመጀመሪያውን ድሪምስቴሽንና ሌሎችም ማሽኖቹን መልሶ ሰብስቧል፣ ውስጡ ያለው ድምፅ መቀነሻ ስፖንጅ እየፈረሰ ወደ አየሩ ሊገባ ስለሚችል ነው፣ ሰው ደግሞ ያንን ሊተነፍሰው ይችላል። ሴሪያል ቁጥሩን ሳታዩ እንዳትከፍሉ። ሁለተኛ ማሽኑ የድሮ ባለቤቱ ግፊት ላይ ተሞልቶ ነው የሚመጣው፣ ለናንተ በሚሆነው ግፊት ሐኪም ማስተካከል አለበት። ሦስተኛ ማስክ ልክ አለው፣ ጢም ያለው ሰው ደግሞ አየር ያመልጥበታል፣ የሌላ ሰው ማስክ ለናንተ አይሆንም። አራተኛ ከፍታ፣ ኤርሴንስ 10 እስከ 2,591 ሜትር ይሠራል ነው የሚለው ማኑዋሉ፣ ለቱሉ ዲምቱ ይበቃል፣ እንጦጦ አናት ላይ ለሚኖር ግን አይበቃም። ቮልቴጅ አያሳስብም፣ አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 ስለሚቀበል ሶኬቱን ብቻ መቀየር ነው።

እንግዲህ ፕሌቱ።

የጥርስ ሐኪም ከእንቅልፍ ጋር ምን አገናኘው ያልኩት እኔም ነኝ። ነገሩ ግን ቀላል ነው፣ ምላስ የታችኛው መንጋጋ ላይ የታሰረ ነው፣ መንጋጋውን ወደፊት ስትስበው ምላስም ተጎትቶ ይመጣል፣ ከኋላ ያለው መንገድ ይከፈታል። ፕሌቱ ከላይና ከታች ጥርስ ላይ የሚገባ ሁለት ቁራጭ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ አገጭህን ወደፊት ይዞት ያድራል። መብራት የለ፣ ድምፅ የለ፣ ውሃ የለ።

የኔዋ የጥርስ ሐኪም ወጣት ናት፣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ የምርመራ ወረቀቴን ነው። "ጋሼ፣ አፕኒያ መሆኑን የሚለየው የእንቅልፍ ምርመራ ነው፣ እኔ ወረቀቱን ሳላይ ልኬት አልወስድም" አለችኝ። በዛችው ነው ያመንኳት፣ ያለወረቀት ልኬት የሚወስድ ካጋጠማችሁ ዞር በሉ። ከዛ አፌን ከፍታ ቆየች፣ የምላሴ ዳር ላይ የጥርስ ምልክት አለ፣ የመንጋጋ ጥርሶቼ ጠፍጥፈዋል፣ ሌሊት ጥርስ አፋጫለሁ ማለት ነው፣ እነዚህ አፕኒያ ያለበት ሰው ላይ የሚታዩ ናቸው አለችኝ። አንድ የተቦረቦረ ጥርስ ሞልታ፣ አጥባ፣ ድዴ እስኪድን አስጠብቃ ነው ልኬት የወሰደችው። ከዛ ቀጭን የፕላስቲክ መለኪያ አስነክሳኝ "የታች ጥርስዎን እስከቻሉት ወደፊት ያውጡ" አለችኝ፣ ግመል መሰልኩ፣ አጠገቧ ያለችው ነርስ ሳቋን መያዝ አቃታት። ከሙሉው ግማሽ አካባቢ ላይ አስጀመረችኝና ጎኑ ላይ ባለች ብሎን፣ በትንሽ ቁልፍ፣ አንድ ዙር ሩብ ሚሊሜትር፣ በየጥቂት ቀኑ ወደፊት እየገፋሁ እንድሄድ ነገረችኝ።

ችግር የለውም ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያው ሳምንት ትራሱ በምራቅ ይርሳል። ጠዋት መንጋጋ ያማል፣ ጥርስም ወደ ቦታው ቶሎ አይገጥምም፣ እኔ ቆሎ በኋላ ጥርሴ ለመፍጨት ግማሽ ሰዓት እጠብቅ ነበር። በዓመታት ውስጥ ጥርስን በትንሹ ሊያንቀሳቅስ ይችላል፣ ለዛ ነው ክትትሉ የማይቀረው። ጥርሱ ያለቀ፣ የሚወዛወዝ፣ ወይ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ሰው ላይ አይያዝም። የመንጋጋ መገጣጠሚያው የሚያመውም መጀመሪያ እሱን ያሳይ። ጉልበቱም ከሲፓፕ ያንሳል፣ ይሄን ሻጩ ባይነግራችሁም እኔ ልንገራችሁ።

ታዲያ ለምን ፕሌቱን መረጥኩ? እኔ በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት መተሐራና አዋሽ ፔንሲዮን ነው የማድረው፣ ሲፓፑን በሻንጣ ተሸክሜ፣ ሶኬት ፈልጌ፣ ማስክ አጥቤ... በመጨረሻ ቤት ትቼው መሄድ ጀመርኩ። የማይደረግ ሲፓፕ ጉልበቱ ዜሮ ነው። ፕሌቱ በቆርቆሮ ሳጥኑ ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ይገባል፣ ዳሽቦርድ ላይ ግን አላስቀምጠውም፣ በሙቅ ውሃም አላጥበውም፣ ሙቀት ቅርጹን ያበላሸዋል። ቤቱ ተረጋግቶ የሚያድር፣ ጄኔሬተር ወይ ጥሩ ባትሪ ያለው፣ ቁጥሩም ከፍ ያለ ሰው የኔን ምርጫ ይከተል አልልም።

ቴሌግራም ላይ በሙቅ ውሃ ነክራችሁ ንከሱት እየተባለ የሚሸጠው ላስቲክስ? ድምፁን ሊቀንስ ይችላል፣ ችግሩም እዛው ጋ ነው፣ ማንኮራፋቱ ሲጠፋ ሚስት ዝም ትላለች፣ ትንፋሹ ግን እየቆመ ሊቀጥል ይችላል። ብሎን የለውም፣ ልኬት የለውም፣ ባትገዙት እመክራለሁ። እንጥል በባህል ማስቆረጥ ደግሞ ከነጭራሹ አታንሱብኝ፣ እሱ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን እንጂ ሕክምና አይደለም። ልጅ ካንኮራፋ ሁለቱንም ዕቃ ተዉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቶንሲል ነውና የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ብር ላይ፣ ዶላሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ስለሆነ የዛሬ ዋጋ የሚመጣው ወር ዋጋ አይደለም፣ ስለዚ ዋጋ ስትጠይቁ "ስንት ነው" ብቻ አትበሉ። ፕሌት ከሆነ ማስተካከያ ቀጠሮዎቹ አብረው ናቸው ወይ፣ ከተሰበረ ማን ይጠግናል፣ የሚስተካከል ባለሁለት ቁራጭ ነው ወይ በሉ። ሲፓፕ ከሆነ ማስክ፣ ቱቦና ፊልተር ከየት ይመጣል በሉ፣ ማሽኑ ዓመታት ሲኖር እነሱ ያልቃሉ፣ የኔዎቹን እህቴ በመንገደኛ እያስያዘች ነበር የምትልክልኝ።

አንድ የቀረኝ፣ ፕሌት የሠራላችሁ ሐኪም "ማንኮራፋቱ ቆሟል አይደል፣ በቃ" ካለ እሺ እንዳትሉ። ብሎኑ ቦታውን ከያዘ በኋላ ፕሌቱን አፍ ውስጥ አድርጎ ያንኑ ምርመራ መድገም አለ። እኔ ሦስተኛው ወር ላይ ደግሜ ተኛሁበት፣ 22 የነበረው 7 ሆነ። ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ ሁለት ዙር ጨመረችልኝ፣ ከአምስት በታች ካልወረደ አልለቅህም ብላ ለሚያዝያ ቀጥራኛለች፣ ሲፓፑም ሳይሸጥ ቁምሳጥን ላይ እየጠበቀ ነው።