አዲስ አበባ ላይ ቁጥር ያለው የኳስ ፎቶ ስገዛ ያጋጠመኝ

ሰላም ነው? ከስቶክሆልም ለሶስት ሳምንት ቤተሰብ ጥየቃ አዲስ አበባ ነበርኩ፣ ስለ ሆቴልና ስለ ክትፎ ቤት ሁሉም ሰው ስለሚፅፍ እኔ ስለ ኳስ ፎቶ ልፃፍ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አጎቴ ጋሼ የዛሬ ስንት አመት፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ግብፅን 4ለ2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫ ስንበላ ስታዲየም ገብተው ካዩት ውስጥ ናቸው፣ የ14 አመት ልጅ ነበሩ። ግብፅ ሁለቴ መርታን፣ እኛ አግብተን ገና ሰው ጨፍሮ ሳይጨርስ የግብፁ ባዳዊ መልሶ አስቆጥሮ፣ ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አቻ ሆነን፣ ከዛ በጭማሪ ሰአት ኢታሎ ቫሳሎ እና መንግስቱ ወርቁ። ይሄን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ በየበአሉ ሰምቼዋለሁ፣ ስለዚህ በዚህ ጉዞ ለሳቸው የሚሆን ደህና ፎቶ፣ ያውም በቁጥር ተወስኖ የታተመ ልግዛላቸው ብዬ ተነሳሁ።

ለማያውቅ፣ ሊሚትድ ኤዲሽን ሚባለው ፎቶ አንሺው ከመጀመሪያው ይሄን ፎቶ በዚህ ሳይዝ 30 ወይ 50 ብቻ ነው ማትመው ብሎ ይወስናል፣ እያንዳንዱ ላይ ከስር በእርሳስ 1/30፣ 2/30 እያለ ቁጥር ይፅፍና ይፈርማል፣ 30ው ካለቀ አለቀ። እኔ ራሴ ቤቴ ያለኝ የሚላን ደርቢው፣ የኢንተሩ ማቴራዚ ክርኑን የኤሲ ሚላኑ ሩይ ኮስታ ትከሻ ላይ ጣል አርጎ ደጋፊ ሜዳ ላይ የወረወረውን ጭስ የሚያዩበት፣ እሱም ተራ ፖስተር ነው፣ ቁጥር የለውም። ስለዚህ በዚህ ነገር ጀማሪ ነኝ፣ ጀማሪነቴም ዋጋ አስከፍሎኛል።

መጀመሪያ የገዛሁት ቴሌግራም ላይ ነው። ጃንሆይ ለካፒቴኑ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ሲሰጡት፣ ፍሬም ጭምር 4,500 ብር፣ በቴሌብር ከፈልኩ፣ በሁለት ሰአት ውስጥ ቦሌ ድረስ መጣልኝ፣ ሞተረኛው ልጅ ጨዋ ነው ለሱ አምስት ኮከብ። ወርቃማ ማህተም ያለው ሰርተፊኬት አለው፣ ቁጥሩ 1/100 ይላል፣ እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፣ አንደኛው ደረሰኝ ብዬ! ጋሼ ጋ ስወስደው መነፅራቸውን አርገው ከስር ያለውን ፅሁፍ ሲያነቡ "1962 ዓ.ም" ይላል። "በ62 እኮ እኔ ሚስት አግብቻለሁ" አሉ። ሻጩ ከኢንተርኔት ላይ የፈረንጁን አመት እንዳለ ወስዶ ዓ.ም ለጥፎበታል። ፊታቸውን ጠጋ ብለህ ስታየው ደግሞ ተሰባብሮ አራት ማእዘን አራት ማእዘን ሆኗል፣ ከስልክ ላይ የወረደ ፎቶ መሆኑ ነው። ፊርማም አለው፣ የማን እንደሆነ እንጃ፣ ያነሳው ሰው ግን እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ጭራሽ በሶስተኛው ቀን ያክስቴ ልጅ ጓደኛ ቤት ቡና ልንጠጣ ስንገባ ግድግዳው ላይ ያው ፎቶ፣ ቁጥሩም 1/100! ሻጩ ጋ ደወልኩ፣ ያለኝን ልንገራችሁ፣ "ብሮ ለኛ ሁሉም ደንበኛ አንደኛ ነው"። ብር ሚባል አልመለሰም።

ከዛ በሰው በሰው አንድ ፎቶግራፈር ተገኘ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ ትንሽ ክፍል። ሰውየው ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ስታዲየም ከጎሉ ጀርባ ነበር፣ ሱዳንን 2ለ0 ያሸነፍንበት ቀን፣ እዛ 5ለ3 ተሸንፈን መጥተን በድምሩ 5ለ5 ሆኖ ከሜዳ ውጪ ባገባናቸው ጎሎች ከ31 አመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ የገባንበት። ፎቶው ሳላዲን ሰኢድ ሁለተኛውን አግብቶ ሲሮጥ ነው፣ ግን እውነት ለመናገር ዋናው ነገር ሳላዲን አይደለም፣ ከኋላው ያለው ህዝብ ነው፣ አንዱ ሌላው ላይ ወጥቶ፣ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን ይዘው አፋቸውን ከፍተው። ከዚህ ፎቶ 30 ብቻ ነው የሚያትመው፣ እያንዳንዱን ማን እንደገዛው በቀንና በስልክ ቁጥር የሚፅፍበት የተቀዳደደ የትምህርት ቤት ደብተር አለው።

13 ቁጥርን ስጠኝ አልኩት። ለምን ካላችሁ ዋንጫውን የበላነው ጥር 13፣ ከዛ በ2005ቱ አፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር የተጫወትነውም ጥር 13 ነው፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶብን በ10 ሰው አዳነ ግርማ 1ለ1 ያረገበት፣ ልክ በ51 አመቱ በዛው ቀን፣ ይሄን ማንም ሲያወራው አልሰማሁም። ደብተሩን ገለጠና 13 ሄዷል፣ ቶሮንቶ ያለ ሰው ወስዶታል አለኝ። እንግዲህ በቴሌግራሙ ተቃጥያለሁና ልሞክረው ብዬ "ሌላ 13 ፃፍበት፣ ማን ያውቃል" አልኩት። መልስ አልሰጠኝም፣ ደብተሩን ዘጋና ሌላ የምትፈልገው አለ? አለ። አፈርኩ። 7ን ወሰድኩ። የ1954ቱንስ አትምልኝ ስለው "ያላነሳሁትን ፎቶ ቁጥር አልሰጥም፣ ለሌላ ሰው ልጅ ስም አላወጣም" አለ።

ቅሬታ የለም ማለት አይደለም። ሁለት ቀን ብሎኝ ዘጠኝ ቀን ፈጅቷል፣ ወፍራም የጥጥ ወረቀት ነው የሚጠቀመው፣ አልቆበት ከዱባይ ሰው በሻንጣ እስኪያመጣለት ጠበቅን፣ ከዛ መብራት ጠፋ፣ ከዛ ሰውየው ራሱ አልመጣም። ስልክ ቶሎ አያነሳም። ዋጋው 14,000 ብር ያለ ፍሬም ነው፣ ንቅንቅ የለም። ግን ወረቀቱን በጓንት ይዞ ሲያወጣው ጥቁሩ እንዴት ጥቁር እንደሆነ ስታዩ ትረሱታላችሁ።

ፍሬም ቤቱ ብሄራዊ አካባቢ ነው፣ ልጁ እጁ ጥሩ ነው፣ ትክክለኛ እንጨት፣ 5,800 ብር። ብቻ ከአጠገቡ አትጥፉ፣ እኔ ማኪያቶ ልጠጣ ወጥቼ ስመለስ ፎቶውን በኮላ ካርቶን ላይ ሊለጥፈው ቆርቆሮውን ከፍቶ አገኘሁት፣ ልቤ ቀጥ አለ። ኮላ ከነካው ዋጋ የለውም፣ መስታወቱም ፎቶውን መንካት የለበትም እርጥበት ሲመጣ ይጣበቃል፣ መሀል ላይ ወፍራም ካርቶን ገብቶ ዙሪያውን ክፍት ማረግ ነው። ስነግረው አልተቆጣም፣ እንዳልኩት ሰራው፣ አንዱ ጥግ ላይ ብቻ ትንሽ ከፈት ብሏል።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ለጋሼ ሰጠኋቸው። ብዙ አዩት፣ ኮፍያ የያዙትን ሽማግሌ አውቃቸዋለሁ አሉ (ሁሉንም ሰው ነው የሚያውቁት)። ከዛ ከስር በእርሳስ የተፃፈችውን አዩና "7 ከ30? ወድቋል እኮ!" አሉ። ላስረዳቸው ሞከርኩ፣ እህ እህ እያሉ ሰሙኝ።

የሳላዲንን መኝታ ቤት ሰቀሉት። ሳሎን ከቲቪው በላይ ያለው ያ 1/100 ነው፣ "ሉቺያኖን ከዚህ ማንም አያወርደውም" ብለዋል። ፍሬሙን አስከፍተው 1962ን በእስክሪቢቶ ሰርዘው 1954 ፅፈውበታል።