ለኤሊያችን መብራት የመረጠልንን ወንድም አመስግኑልኝ

ቨርጂንያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ የምትኖሩ፣ ቤታችሁ ውስጥ ኤሊ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህን አንብቡልኝ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የቤት እንስሳት ዕቃ መሸጫ የሚሠራ አንድ ሐበሻ ወንድም አለ። ስሙን ያለፈቃዱ አደባባይ አላወጣም፤ ያደረገልንን ሳልናገር ባልፍ ግን ውለታ መብላት ይሆንብኛል።

ልጄ ከጓደኛው የተረከባት ኤሊ ሬድ ኢርድ ስላይደር የሚሏት፣ ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላት ዓይነት ናት። ብርዱ ገብቶ ውጪ ፀሐይ ማሞቅ ስላልተቻለ የዩቪቢ መብራት፣ ማለትም ፀሐይ ውስጥ ያለውን ለዓይን የማይታይ ጨረር የሚሰጥ መብራት ፍለጋ ሄድን። የአምፖሉ ብዛት ግራ ያጋባል፤ ካርቶኑ ሁሉ ላይ ፀሐይ ተስሏል። ይህ ወንድም ውዱን አንስቶ አላስታቀፈንም። አስቀድሞ የጠየቀን ኤሊዋ የምትኖርበትን የውሃ ታንክ ርዝመት፣ ክዳኑ መስታወት ይሁን ወንፊት፣ የምትሞቅበት ድንጋይ ከመብራቱ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚርቅ ነው።

ቀን ቀን ኤሊዋን የምትጠብቀው እናቴ ስለሆነች ዞር ብሎ ለእሷ አስረዳት። «እናቴ፣ አራስ ልጅ ጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁት ለአጥንቱ አይደል? የኤሊም እንደዚያው ነው። በመስኮት መስታወት የገባ ፀሐይ ግን አይሠራላትም» አላት። እናቴ ወዲያው ገባት። ኤሊ ካልሲየም ብትበላም ቫይታሚን ዲ3 ካላገኘች በደንብ አትጠቀምበትም፤ ቆዳዋ ቫይታሚኑን የሚሠራው ደግሞ በዩቪቢ ጨረር ነው። ሲጎድልባት ቅርፊቷ ይለሰልሳል፣ አጥንቷ ይጣመማል። ተራ ኤልኢዲና ማሞቂያ አምፖል የቱንም ያህል ቢደምቁ ይህን አይተኩም።

የመረጠልን ቲ5 የሚባለውን ረጅም ፍሎረሰንት ከነመያዣው ነው። የጥቅልሉ ትንሽ አምፖል ጨረር ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ያርፋል፣ ራቅ ሲል ቶሎ ይደክማል። በፊት በፊት ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከሚገባው በላይ አጭር ሞገድ ያለው ጨረር እየለቀቁ የእንስሳትን ዓይን ጎድተዋል። የትኛውም መብራት ቢሆን ከላይ ይሰቀል እንጂ ከጎን አይሁን፤ ከጎን ሲሆን ቀጥታ ዓይኗ ውስጥ ይገባል።

ልቤን የነካው ግን መለኪያው ነው። ሶላርሜትር 6.5 የሚባል፣ የዩቪ ጨረሩን ጥንካሬ (ዩቪ ኢንዴክስ) በቁጥር የሚያሳይ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለው። መብራቱን እዚያው አብርቶ መለኪያውን የኤሊዋ ጀርባ በሚደርስበት ከፍታ ያዘው፤ ቁጥሩ 3 አካባቢ ቆመ። ለእሷ ዓይነት ኤሊ ይህ በቂ ነው አለን፤ ሲበዛባት ሸሽታ የምትገባበት ጥላና ውሃ እስካላት ድረስ። ቀጥሎ ወንፊት መሃል አስገባ፤ ቁጥሩ ወረደ። መስታወት ሲያስገባ ዜሮ! መብራቱ ለዓይናችን ያው ደማቅ ነው። ልጄ ራሱ መስታወቱን ተቀብሎ ደጋግሞ ሞከረው። በዚያ ሰዓት ሱቁ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ቢሆንም አላጣደፈውም።

ፍሎረሰንቱም ሲያረጅ እንዲሁ ነው። ብርሃኑ ሳይቀንስ ዩቪቢው ያልቃል። ስለዚህ ጫፉ ላይ የዕለቱን ቀን በማርከር ጻፈልን፤ በዓመቱ ገደማ ይቀየር ወይም አምጡትና ልለካላችሁ አለ።

በውሃና በኤሌክትሪክ ጉዳይ ቀልድ የለውም። መብራቱ በቆንጣጭ መያዣ ብቻ እንዳይንጠለጠል፣ ሁለተኛ ማሰሪያ እንዲኖረው አሳሰበን። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ጎበጥ ይበል፣ የሚንጠባጠብ ውሃ ወደ ሶኬቱ ሳይደርስ መሬት እንዲወርድ። ሶኬቱም አደጋ ሲኖር ራሱን የሚያጠፋው ዓይነት ይሁን። ማታ እንዲጠፋ ሰዓት ቆጣሪ ጨመረልን፤ በቀን ለ12 ሰዓታት ያህል ቢበራ ይበቃታል።

ልጄ የኤሊዋ ዓይን ቢያብጥስ ብሎ ሲጠይቀው «እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ወንድሜ» አለና ኤአርኤቪ የሚባለው የተሳቢ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ በየአካባቢው ሐኪም እንዴት እንደሚፈለግ አሳየው። እናቴንም ኤሊዋን ከነኩ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ የታንኩን ዕቃ የወጥ ቤት ማጠቢያ ውስጥ አይጠቡ ሲል ከኤሊ ወደ ሰው ስለሚተላለፈው ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ነገራት። የቸኮለ ሻጭ ይህን ሁሉ አይልም።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅህ ይባረክ። የሱቁን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመሄዳችሁ በፊት ታንካችሁን ለኩ፣ ክዳኑንና ድንጋዩን ፎቶ አንሱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።