በረዶ ሲጠርጉ ጎበዝ፣ ለቅሶ ሲገጥማቸው ድንጋይ፦ የሰፈራችን ማኔጅመንት ካምፓኒ

ከአምስት ኮከብ ሁለት። አንዱ ለበረዶው፣ አንዱ ለቆሻሻው። ከዚያ በላይ እጄ አልሄደልኝም።

ስማቸውን አልጠራም። ብጠራውም ብዙ አይጠቅማችሁም። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ታውንሃውስ፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት፣ የገዛ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ካምፓኒ ነው፤ የአርማው ቀለም ይለያይ እንጂ የሚልኩት ደብዳቤ ያው ነው። እኛ ያለነው ፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ፣ ዉድብሪጅ ነው። ሞርጌጁ ሳይቆጠር በወር 128 ዶላር ለኤች ኦ ኤው፣ ማለት ለሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ እንከፍላለን። በገንዘቡ የሚያዝበት ቦርዱ ነው፤ ተመርጠው ያለ ደመወዝ የሚሠሩ አምስት ጎረቤቶቻችን ማለት ነው። ካምፓኒው የቦርዱ ቅጥረኛ ነው። ክፍያ ይሰበስባል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ሰፈሩን በመኪና እየዞረ ደንብ የጣሰ ይፈልጋል፣ ደብዳቤ ይጽፋል። አብዛኛው ሰው ግን አለቃው ካምፓኒው ይመስለዋል። እነሱም አለቃ አይደለንም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

በረዶ ላይ እውነቱን ልናገር። ማታ ሠርቼ ሊነጋጋ ሲል ስመለስ፣ ስቴቱ ዋናውን መንገድ እንኳ በቅጡ ሳይጠርገው የኛ የውስጥ መንገድ ተጠርጎ፣ ጨው ተበትኖበት ይጠብቀኛል። የእግረኛ መንገዱም እንደዚያው። ቆሻሻ ማክሰኞና ዓርብ ይነሳል፤ ቀርቶ አያውቅም። የመዋኛ ገንዳውን ልጆቼ ይወዱታል፣ እኔ ገብቼበት ስለማላውቅ አልፈርድም።

ችግሩ ደብዳቤው ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ የከረመች ጊዜ፣ ቤት ተዘግቶ መዋል አልሆንላት ሲል በፊት ለፊቱ በር ሥር ያለችውን የአበባ መደብ ቆፍራ ጎመንና ጤና አዳም ተከለችበት። ዳር ዳሩን በድንጋይ አሳመረችው። ጎመኑ አወጣጡ! ቅጠሉ መሀረብ ያህል ሆነ። በሦስተኛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ስትለቅመው፣ ውሻ ይዘው የሚያልፉት ፈረንጆች ሁሉ ሰላም ይሏት ነበር። ከዚያ ደብዳቤ መጣ፤ ባለ ቀለም ፎቶ ያለበት። ፎቶው መኪና ውስጥ ተሆኖ የተነሳ ነው፤ የመስኮቱ ጠርዝ ጥጉ ላይ ይታያል። ጎመኑ በቀይ ተከቧል። ከሥሩ «በቤቱ ፊት ለፊት ያልተፈቀደ ተክል» ይላል። ጤና አዳሙን አልነኩትም። አበባ መስሏቸው ነው መሰለኝ።

ተርጉሜ ሳነብላት፣ «ደግሞ ጎመን ፎቶ ያነሳሉ?» ብላ ሳቀች። ከማግስቱ ጀምሮ ግን በመስኮት መንገዱን መቃኘት አመጣች። ማታ ማታ፣ «ልጄ፣ በኔ ምክንያት ቤትህን እንዳይወስዱብህ» ትለኛለች። ሞኝነት አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ በሥርዓቱ የተጣለ ቅጣት እንደ መዋጮ ዕዳ ተቆጥሮ ቤቱ ላይ ሊያዝ ይችላል። ነገሩ ያለው «በሥርዓቱ» የምትለው ላይ ነው፤ ካምፓኒው እዚያ ጋ ነው የተያዘው።

ደብዳቤው፣ ጎመኑ በ10 ቀን ውስጥ ካልተነቀለ በቀን 25 ዶላር እንቀጣለን ይላል። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዷ ኮንዶ ቦርድ ውስጥ ያለች ናት፤ አሳየኋትና «ይሄን ማነው የጻፈው?» አለች። የቨርጂኒያ የንብረት ባለቤቶች ማኅበራት ሕግ፣ አንቀጽ 55.1-1819፣ ማንም በስልኩ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ለአንድ ጊዜ ጥፋት ከ50 ዶላር፣ ለሚቀጥል ጥፋት በቀን ከ10 ዶላር አይበልጥም፤ እሱም ከ90 ቀን በላይ አይሄድም። ስለዚህ ጎመኑ ዛፍ እስኪሆን ቢቀመጥ እንኳ ጣሪያው 900 ዶላር ነው። ለዚያም ቢሆን መጀመሪያ በጽሑፍ ነግረው የማስተካከያ ጊዜ መስጠት አለባቸው። ካልተስተካከለ ለሂሪንግ ይጠሩሃል፣ ቀርበህ መልስ ለምትሰጥበት ማለት ነው፤ ጥሪው ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ በእጅ ወይም በአደራ ፖስታ መድረስ አለበት። ጠበቃ ይዘህ መቅረብ ትችላለህ። ውሳኔውን በ7 ቀን ውስጥ ያሳውቁሃል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የመቅጣት ሥልጣኑ በማኅበሩ ሰነድ ወይም በሰነዱ መሠረት በወጣ ደንብ ላይ በግልጽ ተጽፎ መገኘት አለበት።

የኛ ደብዳቤ በተራ ፖስታ የመጣ ነው፤ ስለ ሂሪንግ አንድ ቃል የለበትም። አንቀጹን ጠቅሼ ኢሜይል ላክሁ። ዝም አሉ። ለቦርዱ ፕሬዚዳንት ኮፒ አድርጌ ስደግመው በዚያው ቀን ተመለሰልኝ፦ «የድሮ ፎርም በስህተት ወጥቶ ነው፤ ይቅርታ።» በዚያ የድሮ ፎርም ስንት ሰው ደንግጦ ከፍሏል ብዬ ጠየቅሁ። ለዚህኛው መልስ የለም። ኮከብ የቀነስኩት በጎመኑ አይደለም፤ የሰፈሩ ደንብ እውነትም አትክልት በጓሮ ነው ይላል፣ ፈርሜ የገባሁበት ነው። ጎመኑን ወደ ኋላ አዛወርነው፣ እዚያም ደርቶ እየበላን ነው። ኮከብ የቀነስኩት ስቴቱ ያወጣውን ሕግ የማያውቅ ሰው ሕግ አስከባሪ ሆኖ ደጄ በመምጣቱ ነው።

ዲሹም ላይ እንደዚያው። በዴካችን፣ በሰገነታችን ማለት ነው፣ መደገፊያ ላይ 90 ሳንቲሜትር የምትሆን ዲሽ አለች፤ እናቴ ቅዳሴ የምታይባት። «ይነሳ» የሚል ደብዳቤ መጣ። የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ደንብ፣ አንተ ብቻ በምትጠቀምበት የራስህ ቦታ ላይ እስከ አንድ ሜትር ስፋት ያላትን ዲሽ እንዳይከለክሉ ያግዳቸዋል። ጣራው የጋራ የሆነበት ኮንዶ ላይ ለምትኖሩ ይህ አይሠራም፤ የጋራ ጣራ ላይ መብት አይሰጥም። ለኛ ሠራ። አንድ ኢሜይል፣ አለቀ። አሁን ብዙው ሰው በኢንተርኔት ሳጥን ስለሚያይ ይህ ጠብ እየቀረ ነው።

ደንብ ጠል እንዳልመስላችሁ። ከኛ አራት ቤት አልፎ ያለ ልጅ መንገድ ላይ መኪና እየፈታ ይጠግን ነበር። ዘይቱ እስከ ውሃ መውረጃው ወርዶ ልጆቼ በጫማቸው ምንጣፍ ድረስ አስገብተውታል። ያን ያስቆመልኝ ይኸው ካምፓኒ ነው። የሐበሻ ልጅ ስለሆነ አልከሰስኩትም እንጂ የከሰሰውን አመስግኛለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ፓርኪንግ። እያንዳንዱ ቤት ሁለት የራሱ ቦታና አንድ የእንግዳ ፐርሚት አለው። ፐርሚቱ መስታወት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ነው። በሰላሙ ጊዜ ይበቃል።

አማቴ ደሴ ላይ ያረፉ ጊዜ መርዶው ለባለቤቴ የተነገራት ቅዳሜ ማለዳ ነው። የዲሲና የሜሪላንድ ዘመድ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የሥራ ባልደረባ፣ ሁሉም ያን ቀን መጣ። ከቤተ ክርስቲያን የሚታጠፍ ወንበር መጣ፣ ውሃ በካርቶን መጣ፣ እንጀራ በጆንያ ሊባል ምንም አልቀረውም። መኪናውም መጣ። ጠዋቱን ለካምፓኒው የድንገተኛ መስመር ደውዬ ነበር። ለውሃ ፍሳሽ 1 ይጫኑ፣ ለእሳት 911 ይደውሉ፤ ሐዘን የሚል ቁጥር የለም። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አነሳችና በትሕትና፣ ፓርኪንግ ድንገተኛ ጉዳይ ስላልሆነ ሰኞ በሥራ ሰዓት እንድደውል ነገረችኝ። የባለቤቴ አባት ሞተው ነው አልኳት። «አዝናለሁ» አለች፤ አዝናም ይሆናል፣ ግን የሚታዘዘው ኮምፒውተሩ ነው።

ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ሲነሱ ሸኘኋቸው። አንድ ሰባ ያለፋቸው ሰው፣ የአማቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ቁልፋቸውን ይዘው ባዶ አስፋልት ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ፣ «ልጄ፣ እዚህ ጋ አልነበር እንዴ ያቆምኩት?» አሉኝ። እዚያው ጋ ነበር። ጎታች መኪና መጥቶ ሦስት መኪና ወስዷል። አንደኛው የልጅ ወንበር ያለበት ነው፤ ልጁ እናቱ ትከሻ ላይ ተኝቷል። ለቅሶ ቤት መሆኑ ከመንገዱ ይታያል፤ በሩ ክፍት ነው፣ ጥቁር የለበሰ ሰው በረንዳው ላይ ሞልቷል። ጎታቹ ግን ይህን ማየት ሥራው አይደለም፤ እንዲዞር የተፈቀደለት በኮንትራት ነው፣ ካርድ የሌለውን ያነሳል።

የሦስቱንም እኔ ከፈልኩ፤ ለእያንዳንዱ 200 ዶላር ገደማ። ሽማግሌው «አይሆንም» ብለው ቦርሳቸውን ሲያወጡ የኔና የሳቸው ግብግብ በጎታቹ ግቢ መስኮት ፊት ብዙ ቆየ። ገንዘብ ተቀባዩ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን እያየ፣ የተጣላን መስሎት «ሰር፣ ሰር» ይላል። ባለቤቴ እስከዛሬ አታውቅም ነበር። አሁን ታነበዋለች።

የቦርዱ ስብሰባ ለአባላት ክፍት ነው፤ ሕጉ አባላት የሚናገሩበት ጊዜ እንዲመደብ ያስገድዳል። ቀረብኩ። የካምፓኒው ሥራ አስኪያጅ «ፖሊሲው ለሁሉም እኩል ነው» አለ፤ ያለው ይህን ብቻ ነው። ያልጠበቅሁት ሰው ተነሳ፤ ጡረታ የወጣ ወታደር ጎረቤታችን፣ የቦርድ አባል ነው። ለቅሶውን ሊደርስ መጥቶ፣ ንፍሮ ተሰጥቶት፣ ምን እንደሆነ ሳይገባው ጨርሶት የሄደ ሰው ነው። «እነዚህ ሰዎች ወንበር እንድይዝ እንኳ ቦታ ለቀውልኛል፤ እኛ መኪናቸውን አስጎተትን» አላቸው። ገንዘቡን አልመለሱም። ግን ለሐዘን ጊዜያዊ ፐርሚት እንዲሰጥ ወሰኑ።

ካምፓኒው ፎርሙን አዘጋጅቶ አወጣ። ምን ይላል? «ከ48 ሰዓት በፊት ያመልክቱ።» ሞት ቀጠሮ ያስይዛል እንግዲህ! ቦርዱ በሚቀጥለው ስብሰባ ወዲያው አሻሽሎታል፤ አሁን በዚያው ቀን በኢሜይል ማሳወቅ ይበቃል። የካምፓኒው ፖርታል፣ ድረ ገጹ፣ ላይ ግን ይህን እስከምጽፍ ድረስ ያለው የ48 ሰዓቱ ፎርም ነው። ሁለት ኮከቡ አሁን ገባችሁ።

ሰው ሁሉ «ለምን ለስቴቱ አትከስም?» ይለኛል። የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ማኅበራት የተቋቋመ የእምባ ጠባቂ ቢሮ አለ። መጀመሪያ አቤቱታህን በማኅበሩ በራሱ የአቤቱታ ሥርዓት ታቀርባለህ፤ ማኅበር ሁሉ ይህ እንዲኖረው ግዴታ ነው። የመጨረሻ ውሳኔያቸው ካልተመቸህ በ30 ቀን ውስጥ፣ በ25 ዶላር ማመልከቻ ቢሮው ያየዋል። የሚያየው ግን የስቴቱ ሕግ ተጥሶ እንደሆነ ነው። የሰፈሩ የፓርኪንግ ደንብ ጭካኔ ነው ብትል አይሰማህም። የ25 ዶላሩን ቅጣት ባያነሱት ኖሮ ግን እዚያ ነበር የማገኛቸው። ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ያላችሁ ይሻላችኋል፤ ካውንቲው በባለቤቶችና በማኅበራት መካከል ያለ ክርክር የሚሰማ የራሱ ኮሚሽን አለው።

ልትገዙ ላሰባችሁ አንድ ነገር። ቨርጂኒያ ውስጥ ሻጩ የማኅበሩን ሰነድ የያዘ የሪሴል ሰርተፊኬት ይሰጣችኋል። ከደረሳችሁ በኋላ፣ ውሉ ካላራዘመው፣ ሦስት ቀን አላችሁ፤ ካልወደዳችሁት ውሉን ማፍረስ ትችላላችሁ። ሪልተሩ፣ ቤት አሻሻጩ፣ «ሁሉም ጋ ያው ነው፣ ፈርሙ» ይላችኋል። ያው አይደለም። ሌላውን ባታነቡ የፓርኪንጉን ገጽ አንብቡ፤ ስንት የእንግዳ ካርድ እንደሚሰጡ፣ ጎታቹ በራሱ እየዞረ ያነሳ እንደሆነ ወይስ ሰው ሲጠራው ብቻ። ቅዳሜ ማታ ሄዳችሁ ስንት ባዶ ቦታ እንዳለ ቁጠሩ። እኛ ሕዝብ ሆነን ነው የምንኖረው፤ ልደትም ክርስትናም ለቅሶም ያለ መኪና አይሆንም።

የሰፈራችን ሰው ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ደግሞ፣ ዓመታዊ ስብሰባው ኖቬምበር ላይ ነው። ባለፈው ሰው ስላልሞላ ተበትኗል። በዘንድሮው የካምፓኒው ኮንትራት መታደስ አለመታደሱ ይነሳል፤ ሌሎች ካምፓኒዎችም ዋጋ ያቅርቡ የሚል ጥያቄ አስገብቻለሁ። ሥራ ላይ ከሆናችሁ የውክልና ፎርሙን ፈርማችሁ በቤቴ በር ሥር አስገቡልኝ፤ ስም ካልጻፋችሁበት ግን አይቆጠርም።